ብሪስቶልና ጥቁር ነዋሪዎቿ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ክፍል የምትገኘው ብሪስቶል በመሐንዲሶች ዘንድ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። በኤቨን ወንዝ ገደል ላይ የተዘረጋው የክሊፍተን ተንጠልጣይ ድልድይ፣ በ1843 ወደ ውሃ የወረደችው «ግሬት ብሪተን» የተባለችው የብረት መርከብ፣ እንዲሁም ከተማይቱን ከለንደን ጋር ያገናኘው የምዕራቡ የባቡር ሐዲድ ከኢዛምባርድ ብሩኔል ስም ጋር ተያይዘው በየምህንድስና ትምህርት ቤቱ ይነሣሉ። ይሁን እንጂ ስለ ብሪስቶል የሚነገረው በድልድይና በመርከብ ብቻ የሚያበቃ ከሆነ የታሪኩ ግማሽ ሳይነገር ቀርቷል። የቀረው ግማሽ ከተማይቱ የበለጸገችበት የባሪያ ንግድና በዚያ ንግድ የተጋዙት አፍሪካውያን ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደዚያው መጥተው በአውቶቡስ ላይ ትኬት ለመቁረጥ እንኳ መታገል ግድ የሆነባቸው ጥቁሮች ታሪክም ከዚሁ ይቈጠራል። ለአንድ የሙያ ማኅበር አባላት ደግሞ በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለበት፤ ይኸውም በብሪስቶል የሥራውን በር ዘግቶ የቆመው አሠሪው ድርጅት ብቻ ሳይሆን የሠራተኞቹ ማኅበር ጭምር መሆኑ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብሪስቶል ከባሕር ጠረፍ ወደ ውስጥ ገባ ብላ በወንዝ ዳር የተቈረቈረች ወደብ ናት። በዚያ አካባቢ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት በዓለም ላይ ከታወቁት ታላላቆቹ አንዱ ሲሆን፣ ከ12 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከዚህም የተነሣ ውሃው በሸሸ ቊጥር በወደቡ የቆሙት መርከቦች በጭቃ ላይ ይጋደሙ ነበር። ይህን ችግር ያስወገደው መሐንዲስ ዊልያም ጄሶፕ ነው። ከ1804 እስከ 1809 ባካሄደው ሥራ ወንዙን በአዲስ ቦይ አሳልፎ፣ አሮጌውን የወንዙን መሄጃ በውሃ በሮች በመዝጋት የውሃው ከፍታ የማይለዋወጥበት ወደብ አደረገው። ሥራው እስከ ዛሬም አለ፤ የሚደነቅም ነው። ነገር ግን ዓመታቱን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ወደቡ በተጠናቀቀበት ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን በሕግ ከከለከለ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ስለዚህ በባሪያ ንግድ የከተማይቱን ሀብት ያካበቱት መርከቦች፣ ከዚያ በፊት በጭቃው ላይ ይጋደሙ የነበሩት ናቸው።

ንግዱ አስቀድሞ በለንደኑ ሮያል አፍሪካን ካምፓኒ በብቸኝነት የተያዘ ነበር። በ1698 ለሌሎች ነጋዴዎች ሲከፈት የብሪስቶል ባለሀብቶች ተሽቀዳድመው ገቡበት፤ በ1730ዎቹም ከለንደን በልጠው ለጊዜው የአገሪቱ ዋና የባሪያ ንግድ ወደብ ለመሆን በቁ። ኋላ ሊቨርፑል በለጠቻቸው። እስከ 1807 ድረስ ከብሪስቶል የተነሡት የባሪያ መርከቦች ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ጉዞዎች ያደረጉ ሲሆን፣ የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት 500,000 ያህል አፍሪካውያን ተጭነውባቸዋል። ንግዱ ከመርከቦቹ ባለቤቶች ባሻገር የብዙ ሰው እጅ ነበረበት። በከተማይቱ ዙሪያ የነበሩት የናስና የመዳብ ማቅለጫዎች በአፍሪካ ጠረፍ ለሰው መለወጫ የሚሆነውን ዕቃ ይሠሩ ነበር፤ የስኳር ማጣሪያዎቹም ከካሪቢያን ደሴቶች በባሪያ ጉልበት የተመረተውን ጥሬ ስኳር ይቀበሉ ነበር። የማቅለጫው ባለሙያ መርከቡን በዐይኑ ሳያይ ሊኖር ይችል ይሆናል፤ ደመወዙ ግን ከዚያው ይመጣ ነበር። በ1833 ባርነት በሕግ ሲሻር መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ካሣው የተከፈለው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው፤ ነጻ ለወጡት አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም።

ከዚያ ዘመን በከተማይቱ ስማቸው የቀረ ጥቁሮች ጥቂቶች ናቸው። በሄንበሪ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በ1720 በ18 ዓመቱ የሞተው የአንድ መስፍን አገልጋይ ሲፒዮ አፍሪካኑስ ተቀብሯል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይታወቅም፤ ይህ ከሮማውያን ታሪክ ተወስዶ የተለጠፈበት ነው። ሌላው ፔሮ ጆንስ ነው። ኔቪስ በተባለችው የካሪቢያን ደሴት በ12 ዓመቱ ጆን ፒኒ ለሚባል የስኳር እርሻ ባለቤት ተሸጦ፣ በ1783 ከጌታው ጋር ወደ ብሪስቶል መጣ። አርነት ሳይወጣም በ1798 ሞተ። በ1999 በወደቡ ላይ ለእግረኞች የተሠራው ድልድይ በስሙ ተጠርቷል። ድልድዩ መርከብ ሲያልፍ መካከሉ ወደ ላይ የሚነሣ ሲሆን፣ በላዩ የተተከሉት እንደ ቀንድ ያሉ ሁለት ትላልቅ ቅርጾች ጌጥ ይምሰሉ እንጂ የሚነሣውን ክፍል የሚያመዛዝኑ ክብደቶች ናቸው። ቅርጹን ያወጣችው አይሊሽ ኦኮነል የተባለች ቀራጺ ከኦቭ አሩፕ መሐንዲሶች ጋር ሆና ነው። ለአንድ ባሪያ መታሰቢያ ሐውልት ከማቆም ይልቅ ሰው በየዕለቱ የሚሻገርበት ነገር መሠራቱ የተሻለ አሳብ ይመስላል።

አሁን ያለው የብሪስቶል ጥቁር ማኅበረሰብ ግን በአመዛኙ የተመሠረተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ በቅኝ ግዛቶቹ የሚኖሩትን ሁሉ የእንግሊዝ ዜጎች አደረጋቸው፤ በጦርነቱ የደቀቀችውም አገር ሠራተኛ ትሻ ነበር። ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስና ከሌሎቹም ደሴቶች ብዙ ሰው መጣ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብሪስቶል የሚኖሩት የካሪቢያን ተወላጆች ቊጥር 3,000 ያህል ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ የሰፈሩት ሴንት ፖልስ በተባለው ክፍል ነው። ሰፈሩ ቀድሞ የሀብታሞች የነበረና በጦርነቱ ቦምብ የተጎዳ ሲሆን፣ ቤቶቹ ያረጁና የተጨናነቁ ነበሩ። በሌላው ሰፈር ግን ጥቁር ተከራይ የሚቀበል አከራይ ማግኘት ጭንቅ ነበር፤ ባንኮችም ለቤት መግዣ ማበደር አይወዱም።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ከደሴቶቹ ይዘውት የመጡት «ፓርድነር» የሚሉት ልማድ ነው። አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ ሰው ማብራሪያ አያሻውም፤ እቊብ ነውና። የሚተማመኑ ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበውንም በየተራ አንዱ ይወስደዋል። በዚህ ገንዘብ ብዙዎች ለቤት መግዣ የሚሆነውን ቅድመ ክፍያ ከፈሉ፤ አንዱ የገዛውን ቤት ክፍል በክፍል ለኋላ መጪዎቹ አከራየ፤ እነዚያም በተራቸው ገዙ። ባንኩ የነሣቸውን ብድር በዕምነት ተበዳደሩት። ባንክ የሚያስፈራው የመያዣ ጉዳይ በዚህ ማኅበር ውስጥ አልተነሣም፤ መያዣው የሰው ስም ነበርና።

ዋናው ጉዳይ ግን የአውቶቡሱ ነው። የብሪስቶል ኦምኒበስ ኩባንያ ከ1950 ጀምሮ በመንግሥት ይዞታ ሥር የዋለ ድርጅት ነበር። ጥቁሮችን ጨርሶ አይቀጥርም ማለት አይደለም፤ በጋራዥና በምግብ ቤት፣ ደመወዙ ዝቅ ባለው ሥራ ያሠራቸው ነበር። በአውቶቡሱ ላይ ግን በሾፌርነትም ሆነ በትኬት ቆራጭነት የሚሠራ አንድም ጥቁር ወይም እስያዊ አይገኝም። ይህን የሚያዝዝ ሕግ አልነበረም፤ የሚከለክል ሕግም አልነበረም። በ1955 የትራንስፖርትና ጠቅላላ ሠራተኞች ማኅበር የአካባቢው የአውቶቡስ ሠራተኞች ክፍል ነጭ ያልሆነ ሰው በአውቶቡስ ላይ እንዳይሠራ በስብሰባ ወስኖ ነበር። ኩባንያውም ይህንኑ ተቀብሎ ኖረ። አንድ የከተማይቱ ጋዜጣ በ1961 ነገሩን ባወጣው ጊዜ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ማመካኘት ያዙ፤ ኩባንያው «ነጮቹ ይለቁብኛል» ሲል፣ የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ቀጣሪው እኛ አይደለንም አሉ።

የሠራተኞቹ ፍርሃት ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከደመወዙ ሰነድ ይገኛል። የአውቶቡስ ሠራተኛ መደበኛ ደመወዝ ዝቅተኛ ነበርና ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ከትርፍ ሰዓት በሚያገኘው ነው። ትርፍ ሰዓት የሚኖረውም የሰው እጥረት ስላለ ነው። ክፍት ቦታዎቹ ከተሞሉ ትርፍ ሰዓቱ ይቀራል። ይህ እንግዲህ በእርግጥ የኑሮ ጥያቄ ነበር፤ እንዲያው የጥላቻ ወሬ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ጥያቄው ደመወዙን በሚከፍለው አሠሪ ፊት መቅረብ ሲገባው ከእነርሱ ባነሰ ደመወዝ ጋራዥ በሚጠርገው ሰው ላይ ዞረ። ፍርሃቱም መሠረት እንደሌለው በዚያው ዘመን ይታይ ነበር፤ የለንደን ትራንስፖርት ከ1956 ጀምሮ እስከ ባርቤዶስ ድረስ ሰው ልኮ ሠራተኛ ይመለምል ነበርና። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይቻላል። በዚሁ በብሪስቶል ይሠራ የነበረው «ሎዴካ» የተባለው ባለ ፎቅ አውቶቡስ በመሐንዲሶች ዘንድ የተመሰገነበት ምክንያት፣ የኋላውን አክስል ዝቅ በማድረግ ወለሉን አውርዶ ተሳፋሪው ያለ ደረጃ እንዲገባ ማስቻሉ ነው። ከተማይቱ ወለሉን ዝቅ ስታደርግ በሩን አልከፈተችም።

በሩን ያንኳኩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ኦወን ሄንሪ፣ ሮይ ሃኬት፣ ኦድሊ ኢቫንስና ፕሪንስ ብራውን የተባሉት የካሪቢያን ተወላጆች የምዕራብ ኢንዲስ ልማት ጉባኤ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር። ከእነርሱ ጋር የተባበረው ፖል ስቲቨንሰን ገና 26 ዓመት ያልሞላው፣ አባቱ ምዕራብ አፍሪካዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት የሆነ፣ በእንግሊዝ አየር ኃይል አገልግሎ የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ስቲቨንሰን አስቀድሞ ማስረጃ መያዝ እንደሚያስፈልግ ዐወቀ። ጋይ ቤይሊ የተባለ፣ በማታ ትምህርት የሚማር፣ በጠባዩ የተመሰገነ ወጣት ለትኬት ቆራጭነት እንዲያመለክት አደረገ፤ በስልክ ቀጠሮ ሲያዝለት ስለ ቀለሙ አልተናገረም። ቀጠሮው ከተያዘ በኋላ ሰውየው የካሪቢያን ተወላጅ መሆኑን ለኩባንያው አሳወቀ። ቀጠሮው ወዲያው ተሰረዘ። ነገሩ እንደ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ አንዱን ብቻ ለውጦ ውጤቱን መመልከት። ከዚያ በኋላ «ችሎታ ስላነሳቸው ነው» የሚል ምክንያት ሊያቆም የሚችል አልነበረም።

ኤፕሪል 30 ቀን 1963 በአውቶቡሱ ያለመሳፈር አድማ ተጀመረ። አርአያ የሆነው በ1955 በአሜሪካ አገር በሞንትጎመሪ ከተማ የተደረገው አድማ ነው። የካሪቢያን ተወላጆቹ በእግራቸው፣ በብስክሌትና በጓደኛ መኪና ወደ ሥራ ሄዱ። በማግሥቱ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሰልፍ ወጡ። ሃኬትና ጓደኞቹ በመንገድ ላይ ቆመው አውቶቡስ አገዱ። የአካባቢው የፓርላማ ሰው ቶኒ ቤንና የሌበር ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን አድማውን ደገፉ፤ ቀድሞ ስመ ጥር የክሪኬት ተጫዋች የነበረው የትሪኒዳድና ቶቤጎ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሊሪ ኮንስታንታይንም ድምፁን አሰማ። ካሪቢያናውያን ከከተማይቱ ሕዝብ እጅግ ጥቂቱ ክፍል በመሆናቸው ኩባንያውን በገቢ ብቻ ማንበርከክ የሚችሉ አልነበሩም፤ ያንበረከከው ነገሩ በአደባባይ መውጣቱ ነው።

ኦገስት 27 ቀን 500 የሚሆኑ የአውቶቡስ ሠራተኞች ተሰብስበው እገዳው እንዲቀር ወሰኑ። በማግሥቱ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከእንግዲህ ወዲህ በቀለም ልዩነት እንደማይደረግ አስታወቀ። ያ ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ታላቁን ንግግር ያደረገበት ኦገስት 28 ቀን 1963 ነው፤ መገጣጠሙ ግን እንዲያው የቀን መገጣጠም ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን ራግቢር ሲንግ የተባለ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ በብሪስቶል የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ ትኬት ቆራጭ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጃማይካውያንና ሁለት ፓኪስታናውያን ተከተሉት። ስለዚህ በካሪቢያናውያን ትግል መጀመሪያ የገባው እስያዊ ነው፤ ይህም የተዘጋው በር የአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ዊልሰን በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ በ1965 በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች የዘር አድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ1968ም ክልከላው ወደ ሥራና ወደ መኖሪያ ቤት ተስፋፋ። የብሪስቶሉ አድማ ለእነዚህ ሕጎች መንገድ ከጠረጉት አንዱ እንደሆነ ይነገራል፤ እውነትም ይመስላል። በ1955 የወሰነው የሠራተኞች ማኅበር ወራሽ የሆነው ዩናይት በ2013፣ ማለት ከአድማው 50 ዓመት በኋላ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ስቲቨንሰን በ2007 የከተማይቱን የክብር ነጻ ዜግነት ተቀበለ፤ በ2020 አንድ ባቡር በስሙ ተጠራ፤ በ2024 ኖቬምበር ዐረፈ።

ሕግ መውጣቱ ግን ነገሩን ሁሉ አልጨረሰም። በሆስፒታሎች ብዙ የካሪቢያን ሴቶች በነርስነት ሲያገለግሉ ወደ ኃላፊነት ማደጉ እጅግ ይከብዳቸው ነበር። ፕሪንሰስ ካምቤል በብሪስቶል የመጀመሪያዋ ጥቁር የሕሙማን ክፍል ኃላፊ ነርስ ሆኑ። (ፕሪንሰስ ስማቸው እንጂ ማዕረጋቸው አይደለም፤ ማዕረጉን በሥራ አገኙት።) ኋላም ቤት ለሌላቸው ቤት የሚያስገኝ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ነበሩ። በሴንት ፖልስም በ1968 የጀመረው የጎዳና በዓል እስከ ዘመናችን የዘለቀ ካርኒቫል ሆነ። በዚያው ዘመን ኤም 32 የተባለው ሰፊ አውራ ጎዳና ወደ ከተማው መካከል ሲገባ በኢስተንና በሴንት ፖልስ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ቤቶች ፈረሱ፤ ሰፈር ከሰፈር ተለያየ። መንገድ የሚቀይሱ ሰዎች መሬቱ ርካሽ የሆነበትን ስፍራ መምረጣቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ መሬቱ ለምን እንደረከሰ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ኤፕሪል 2 ቀን 1980 ፖሊስ በሴንት ፖልስ «ብላክ ኤንድ ዋይት» የተባለውን ቡና ቤት ለመፈተሽ ሲገባ ሕዝቡ ተነሣ፤ ፖሊስ ለጥቂት ሰዓታት ከሰፈሩ ለቆ ወጣ። ሥራ አጥነትና የፖሊስ አያያዝ ያመጣው እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። በሁከት ከተከሰሱት 16 ሰዎች አንዱም አልተፈረደበትም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። በ2016 ግን አባቱ ጃማይካዊ የሆነው ማርቪን ሪስ የከተማይቱ ከንቲባ ሆኖ በሕዝብ ተመርጦ እስከ 2024 አስተዳደረ።

ስለ ኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት በዓለም ሁሉ ብዙ ተወርቷልና እዚህ ማስፋፋት አያስፈልግም። የሮያል አፍሪካን ካምፓኒ ሹም የነበረው ይህ ነጋዴ በሞተ በ174 ዓመቱ፣ በ1895 ሐውልት ቆመለት፤ ጁን 7 ቀን 2020 ሰልፈኞች ጥለው ወደ ወደቡ ወረወሩት። ውሃው ውስጥ የገባበት ስፍራ ከፔሮ ድልድይ አጠገብ ነው። ኋላ ወጥቶ በሙዚየም ተጋድሞ ለሕዝብ ታይቷል።

ከብሪስቶል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚያው በኤቨን ወንዝ ላይ ባዝ የተባለች ከተማ አለች። ኢትዮጵያ በፋሽስት ኢጣልያ በተወረረች ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚህች ከተማ፣ ፌርፊልድ ሐውስ በተባለው ቤት ነው፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁትም እዚያው ነው። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡ። ከጦርነቱ በኋላ ከካሪቢያን መጥተው በሆስፒታል፣ በፋብሪካና በአውቶቡስ ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች አርጅተዋል። ከአናሳ ብሔረሰቦች የሆኑ የባዝ አረጋውያን ማኅበር መሰብሰቢያ ያደረገው ይህንኑ ቤት ነው። የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮችም ከብሪስቶልና ከሌሎች ከተሞች ወደዚያው ይመጣሉ።